አካልን ያማከለ የምክር አገልግሎት ለመስጠት እንዴት ይሠለጥናሉ?

አካልን ያማከለ ምክር ተገልጋዩ ከሚናገረው በተጨማሪ በሰውነቱ የሚታየውንና የሚሰማውን የሚከታተል የምክር ዘዴ ነው። ሥልጠናው በምክር ወይም በሥነ ልቦና ሙያ መሠረት ላላቸው ሰዎች የሚታከል ነው። ያለዚያ መሠረት የገባበት ሰው የተገልጋዩን ስሜት ሊቀሰቅስ ይችል ይሆናል፤ የተቀሰቀሰውን ማረጋጋት ግን አይችልም።

የመጀመሪያው ሥራ በራስ ላይ ነው። ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የጀመሩት የማይንድፉልነስ (በአሁኑ ቅጽበት የሚሆነውን ሳይፈርዱ ማስተዋል) ኮርስ ጥሩ መነሻ ነው፦ 8 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 2 ሰዓት ተኩል ያህል የቡድን ትምህርት፣ በቤት ደግሞ በቀን 45 ደቂቃ ገደማ ልምምድ። የራሱ ትንፋሽ ሲያጥር የማይታወቀው አማካሪ የሌላውን አያስተውልም።

ቀጥሎ ማየትን ይለማመዱ። ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ለ5 ደቂቃ ያውራ፣ አንዱ አማካሪ ይሁን፣ ሦስተኛው ይታዘብ። አማካሪው ትከሻን፣ መንጋጋን፣ ትንፋሽንና ጣቶችን እያየ ያዳምጥ፤ ያየውንም በአጭሩ ይናገር፦ «ስለ ሥራዎ ሲያነሡ እጅዎ ተጨበጠ።» ብዙ ሠልጣኝ እዚህ ላይ «ተናደዋል» ብሎ ይደመድማል። ያን ጊዜ ተገልጋዩ ሰውነቱን ማድመጥ ትቶ ከድምዳሜው ጋር ይሟገታል።

ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ክፍል ትንሿ ሙከራ ናት፦ አንድ አጭር ቃል ተናግሮ በተገልጋዩ ውስጥ የሚነሣውን መከታተል፤ ሮን ከርትዝ ባዳበሩት ሃኮሚ በተባለው አካልን ያማከለ የምክር ዘዴ ውስጥ ዋና ቦታ አላት። ፈቃድ ይጠይቁ። ተገልጋዩ ትኩረቱን ወደ ውስጥ እስኪመልስ ይጠብቁ። «ይህን ስናገር በውስጥዎ የሚሆነውን ብቻ ይከታተሉ» ካሉ በኋላ ረጋ ብለው «ማረፍ ይችላሉ» ይበሉና ዝም ይበሉ። ደረት ሊጨነቅ፣ እንባ ሊመጣ፣ «ውሸት ነው» የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ቃሉ የተነገረው ለማጽናናት ስላልሆነ አይከራከሩ፤ የሚፈለገው ይኸው ምላሽ ነው። «የት ቦታ ይሰማዎታል?» ብለው ይከተሉት። «ለምን?» ማለት ወደ ማብራራት ይመልሰዋል።

ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት የደረሰበትን ሰው ዓይንዎን ይጨፍኑ ብለው አያስገድዱ። ለአንዳንዱ ትንፋሽን መከታተል ራሱ ድንጋጤ ይቀሰቅሳል፤ እግሩ ወለሉን ሲነካ የሚሰማውን እንዲከታተል ያድርጉ። የሥነ ልቦና ጉዳትን በሰውነት በኩል የማከም ዘዴ ያዳበሩት ፒተር ሌቪን እንደሚያስተምሩት ከሕመሙ ጥቂት ብቻ ተነክቶ ወደ ተረጋጋው የሰውነት ክፍል መመለስ ያስፈልጋል። ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም ትንፋሹን ከያዘ ሙከራውን ያቁሙ፤ ዙሪያውን አይቶ የሚያየውን በስም ይጥራ። በንክኪ መሥራት ለብቻው ሥልጠና፣ የሙያ ደንብ መፍቀዱና የተገልጋዩ ግልጽ ስምምነት ሳይሟሉ አይሞከርም።

በመጨረሻም በጽሑፍ ፈቃድ የተቀረጸ ክፍለ ጊዜ ይዘው ወደ ሱፐርቫይዘር (ሥራዎን የሚገመግም ልምድ ያለው አማካሪ) ይሂዱ። 10 ደቂቃ ያህሉን መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ይዩት፤ ንግግሩ የጋረደውን እንቅስቃሴ ያገኙታል።