ቶታል ስቴሽን በአንድ ባክሳይት ብቻ አታስነሱ፣ ሶስት ነጥብ እንዲህ ነው የሚታየው

ቶታል ስቴሽን አንግልና ርቀት የሚለካ የቅየሳ መሳሪያ ነው፣ ባክሳይት ደሞ ስራ ስትጀምሩ አቅጣጫ የምትይዙበት፣ ኮኦርዲኔቱ የታወቀ ነጥብ። አንዴ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር በአንድ ባክሳይት ብቻ ተነስቼ ቀኑን ሙሉ ስለካ ዋልኩና ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳወጣው አጥሩ በሙሉ ዞሮ ቁጭ አለ። ባክሳይት ያደረግኩትን ሚስማር ለካ አሸዋ የሚጭን መኪና ወደ ጎን ገፍቶታል፣ የሄደው ወደ ጎን ስለሆነ ርቀቱም ልክ ነበር የመጣው፣ ማሽኑ በምን ይወቅ? ሁለት ነጥብ ካያችሁ ስህተት መኖሩን ታውቃላችሁ፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ሶስተኛው ነው።

መጀመሪያ የነጥብ ምርጫ። ባክሳይቱ ከምትለኩት ነገር የራቀ ይሁን። ፕሪዝሙ (ነጥቡ ላይ የሚቆመው፣ የመሳሪያውን ጨረር የሚመልሰው መስታወት) 5 ሚሊሜትር ሳት ቢል በ30 ሜትር ባክሳይት 34 ሰከንድ (የሰዓት ሳይሆን የአንግል ሰከንድ፣ የዲግሪ 1/3600) ነው፣ ያ 300 ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ይሆናል። ደሞ ሶስቱም አንድ አቅጣጫ አይደርደሩ፣ አንዱ በከዚራ ሰፈር በኩል፣ አንዱ በመጋላ ሰፈር በኩል፣ ሌላው ወደ ድልድዩ ይሁን፣ ምክንያቱም መሳሪያው ራሱ ከነጥቡ ሳት ብሎ ከቆመ አንድ ወገን ያሉት ሁሉ እኩል ይዋሻሉ።

ትራይፖዱን አሸዋ ላይ ከሆነ እግሩን በደንብ ረግጣችሁ አስገቡት፣ ሌቭል አድርጉ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ባብሉን (የሌቭሉን የአየር አረፋ) ድጋሚ እዩ። እና አቦ በጠዋት ውጡ! ድሬ ላይ 4 ሰዓት ካለፈ መሬቱ ይነድና ፕሪዝሙ በሌንሱ ውስጥ ውሃ ላይ እንዳለ ነገር ይዋዥቃል።

ከዛ እያንዳንዱን ነጥብ በፌስ ሌፍትም በፌስ ራይትም (ቴሌስኮፑን ገልብጣችሁ በሁለቱም ወገን) አንብቡና አማካዩን ያዙ። ፕሪዝሙ ያለበት ፖል ከዘመመ ጫፉ ነው ብዙ የሚስተው፣ ስለዚህ ለአንግል ከታች፣ መሬት የነካበት ጋ አነጣጥሩ።

አሁን ዋናው። ለየነጥቡ ከኮኦርዲኔት ከተሰላው አዚሙዝ (ከሰሜን ጀምሮ የሚቆጠር አቅጣጫ) ላይ ያነበባችሁትን አንግል ቀንሱ፣ ሶስቱም ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። ሁለቱ በ3 ሰከንድ ተስማምተው ሶስተኛው በ48 ሰከንድ ከራቀ አማካይ አታውጡ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ አማካዩ ጥሩዎቹንም ወደ 15 ሰከንድ ይዟቸው ይሄዳል። ሄዳችሁ ሚስማሩን እዩ፣ ችግሩ ካልተፈታ ያን ነጥብ አውጡትና በሁለቱ ኦሪየንት አድርጉ (አቅጣጫ ያዙ)፣ ከተቻለ ሌላ ነጥብ ፈልጉ።

ርቀቱንም ቼክ አድርጉ፣ ግን እዚህ አካባቢ አንድ ነገር አለ። ድሬ የዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ኮኦርዲኔት የሚሰጥ የካርታ ስርዓት) ዞን 37 ጠርዝ ላይ ነች፣ ስለዚህ ከኮኦርዲኔት የሚሰላው ርቀት ከለካችሁት በ100 ሜትር ወደ 6 ሳንቲ ይረዝማል። ይሄ የስኬል ፋክተር (የካርታው ርቀት ከመሬቱ ርቀት ጋር ያለው ጥምርታ) ነገር ነው፣ ነጥቡ ላይ አታሳብቡ። ሐረር ደሞ 42 ዲግሪን አልፋ ዞን 38 ውስጥ ነች፣ የሁለቱ ዞን ሰሜን ወደ 1 ዲግሪ ይለያያል፣ ኮኦርዲኔት ሲሰጣችሁ በየትኛው ዞን እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትገቡ።

ስራ ላይ እያላችሁ በየሰዓቱ፣ መጨረሻ ላይም ከማንሳታችሁ በፊት፣ ወደ ሩቁ ባክሳይት ተመልሳችሁ አንብቡ። ከጠዋቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ከተለየ ትራይፖዱ ሰምጧል ወይ ተነክቷል ማለት ነው፣ ካለፈው ቼክ በኋላ የለካችሁትን እንደገና ለኩት።