ያገለገለ ፖርሽ ቦክስተር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ያገለገለ የቤት መኪና ዋጋ ፖርሽ መግዛት ይቻላል። የመጀመሪያው ትውልድ ቦክስተር፣ በፋብሪካ ስሙ 986፣ ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ተሠርቷል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ስለተቀመጠ ክብደቱ የተመጣጠነ ነው፤ ኩርባ ላይ እንደ እሱ ልብ የሚሞላ መኪና በዚህ ዋጋ ማግኘት ይከብዳል። የመኪናው ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫውና የባለሙያው ዋጋ ግን አልወረደም። ገዢዎች የሚጎዱት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የሽያጭ ዋጋውን ብቻ ማወዳደር

አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ቦክስተሮች አንዱ በ8,000፣ ሌላው በ13,000 ዶላር ቢቀርቡልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት የደረሰኝ ማህደር ነው። ፍሪሲዮን፣ የውሃ ፖምፓ፣ አራት ጎማ፣ የፊትና የኋላ እግር ጎሚኒዎች፣ እነዚህ ሲደመሩ የ5,000 ዶላሩን ልዩነት በቀላሉ ይበላሉ። «ሁሉም ተሠርቶለታል» የሚል ሻጭ ደረሰኝ ካላሳየ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥረው ዋጋ ይስጡ። ደረሰኙ ላይ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የተቀየረውን ዕቃ ስምና የሻንሲ ቁጥሩን ያመሳክሩ። የሌላ መኪና ደረሰኝ ማህደር ውስጥ ተቀላቅሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

የአይኤምኤስ ኩሽኔታን ጉዳይ በወሬ መያዝ

ስለ ቦክስተር የጠየቁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ነው። ግማሹ «አትንካው፣ ሞተሩ ይፈነዳል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ወሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ገዢውን ያሳስታሉ።

ኤም 96 በሚባለው የዚህ መኪና ሞተር ውስጥ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይኤምኤስ የሚባል መካከለኛ ዘንግ አለ። ከዋናው የሞተር ዘንግ ኃይል ተቀብሎ በሰንሰለት አማካይነት የቫልቭ ዘንጎቹን ያዞራል። በካምቢዮው በኩል ያለው ጫፉ የሚያርፈው በአንድ ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ከፋብሪካ ሲወጣ ግሪስ ተሞልቶ ታሽጓል። ከዕድሜ ብዛት ማሸጊያው ሲላላ የሞተር ዘይት ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል፤ ዘይቱ ግን እንደ ልብ ስለማይመላለስ ኳሶቹ የሚገባቸውን ቅባት አያገኙም። ኩሽኔታው ሲሰበር ዘንጉ ከቦታው ይወላገዳል፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሞተር መቀየር ነው፤ የሞተሩ ወጪ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሞዴል እኩል ስጋት የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ አላቸው፤ ይህኛው ጠንካራ ነው። በ2000 እና 2001 ሞዴሎች ላይ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። ከዚያ እስከ 2005 ድረስ ያሉት ባለ አንድ ረድፍ ናቸው፤ ደካማው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ገዢዎች በጋራ ከስሰው በ2013 በስምምነት የተዘጋው ጉዳይም ከግንቦት 2001 እስከ የካቲት 2005 የተመረቱትን መኪኖች የሚመለከት ነበር። በቀጣዩ ትውልድ፣ በ987፣ ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ትልቅ ኩሽኔታ ገብቶላቸዋል፤ እሱ ብዙም አያስቸግርም፣ ነገር ግን ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈት አይወጣም። 2005 ላይ ሁለቱም ስለተቀላቀሉ የሚለየው ካምቢዮው ወርዶ የኩሽኔታው ብሎን ሲታይ ነው፤ ዳዶው ባለ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ትልቁ ነው፣ ባለ 13 ከሆነ ትንሹ። ከ2009 ጀምሮ ያለው አዲስ ሞተር መካከለኛ ዘንግ የሚባል ነገር የለውም። በጀትዎ እስከዚያ ከደረሰ ይህን ጭንቀት ሙሉ በሙሉ ገላገሉት ማለት ነው።

እንግዲህ 986 የሚገዙ ከሆነ፣ ኩሽኔታው ተቀይሮ ደረሰኝ ካለው መልካም፤ መቼና ስንት ማይል ላይ እንደተቀየረ ይጻፉ፣ ምክንያቱም አዲሱም ዕድሜ አለው። ካልተቀየረ ከፍሪሲዮን ጋር አብሮ እንዲሠራ ያቅዱ። ኩሽኔታው ጋ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ካምቢዮው ከወረደ ደግሞ ፍሪሲዮኑን፣ የኋላውን የሞተር ዘይት ማሸጊያና ኩሽኔታውን በአንድ የእጅ ዋጋ መጨረስ ይቻላል። ለየብቻ ማሠራት አንዱን ሥራ ሁለትና ሦስት ጊዜ መክፈል ነው።

ከዚያ በፊት ግን የዘይት ማጣሪያው ይታይ። የዚህ ሞተር ማጣሪያ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የሚገባ ወረቀት ስለሆነ ለማውጣት አያስቸግርም። ወረቀቱን በቢላ ቆርጠው እንደ አኮርዲዮን ይዘርጉት፣ በብርሃን ያገላብጡት፣ ከዚያ ማግኔት ያስጠጉት። ማግኔት ላይ የሚዘል የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብረት ነው፤ ኩሽኔታው መበላት መጀመሩን ሊያሳይ ስለሚችል ያንን መኪና ይተዉት። ብናኙ ወደ ሞተሩ ሁሉ ስለተሰራጨ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት አያድነውም። ቡናማ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ከሆነ ከሰንሰለት መምሪያዎቹ የመጣ ነው፤ ትንሽ ሲሆን የተለመደ ነው፣ ከበዛ ግን ባለሙያ ይጠይቁ።

የሞቀ ሞተር ማስነሳት

ለሻጩ አስቀድመው ይደውሉና «እስክመጣ ድረስ አታስነሳው» ይበሉት። እንደደረሱ የማርሚታውን ጫፍ በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁና ለሌላ ቀን ይቅጠሩ። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር የሚደብቀው ነገር የለም።

ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን የተኙ ስለሆኑ ሲነሳ ትንሽ ጭስ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ ሌሊቱን ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ነው። አካባቢውን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ካወጣና ካልቆመ ግን የዘይት ትነት መለያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ በኋላው ሻንጣ ውስጥ ያለውን የዘይት መሙያ ክዳን ለመክፈት ይሞክሩ፤ በኃይል ስቦ አልነሳ ካለ ዕቃው አልቋል።

ሲነሳ ለአጭር ጊዜ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ የተለመደ ነው። ሞቆ እያለ የሚቀጥል፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ ግን የሲሊንደር ግድግዳ መጫር ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ይበልጥ የሚታየው በትልልቆቹ ሞተሮች፣ ለምሳሌ ጣሪያው በማይከፈተው የቦክስተር ወንድም፣ በ987 ካይማን ኤስ ባለ 3.4 ሊትር ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ ካንዴላው ወጥቶ በካሜራ ይታይ። ካሜራው ከታች በኩል፣ የዘይት መያዣው ወርዶ ከገባ ደግሞ ከላይ የማይታየውን የሲሊንደር ክፍል ያሳያል።

ሞተሩ ስለማይታይ መተው

ይህ መኪና ከፍተው ሞተር የሚያዩበት ኮፈን የለውም። ከፊት ሻንጣ፣ ከኋላ ሻንጣ፣ በቃ። ስለዚህ ምልክቱን ከዳር ዳር ይፈልጉ። የኋላ ሻንጣውን ምንጣፍ ገልጠው እርጥበት ወይም የደረቀ ነጭ ዝቃጭ ካዩ የራዲያተር ውሃ መያዣው ተሰንጥቋል። ከፊት ደግሞ በፓራውልቱ ክፍት ቦታዎች በኩል በባትሪ ያብሩ። ራዲያተሮቹ ግራና ቀኝ ማዕዘን ላይ ናቸው፤ ቅጠል ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዝና የኤሲውን ኮንደንሰርና ራዲያተሩን ይበላል። ኤስ የሚባለው ጉልበተኛው ዓይነት ከሆነ መሀል ላይ ሦስተኛ ራዲያተር አለው።

ጣሪያውን አንድ ጊዜ ከፍቶ መርካት

ጣሪያው የሚንቀሳቀሰው የእጅ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉት፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከዘገየ ወይም ካጋደለ የሚገፋው ዘንግ ጫፍ ተሰብሯል። እስከ 2002 ያሉት የኋላ መስኮታቸው ፕላስቲክ ስለሆነ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከ2003 ጀምሮ መስታወት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የውሃ መውረጃው ጉዳይ ነው። በጣሪያው ጀርባ ያሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠል ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባና ከመቀመጫው ሥር ይጠራቀማል። በ986 ላይ ደግሞ ቁልፉንና ማንቂያውን የሚቆጣጠረው የኮምፒውተር ሳጥን የተቀመጠው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ሳጥኑ ውሃ ከነካው መኪናው አልከፈት፣ አልነሳ ይላል፤ ሳጥኑን ቀይሮ ከቁልፎቹ ጋር ማስማማትም ርካሽ ሥራ አይደለም። መቀመጫውን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገፍተው እጅዎን ከምንጣፉ ሥር ያስገቡ፤ ስፖንጁን ጫን ሲያደርጉት እርጥብ ከሆነ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት ወይም ይለፉት።

ትንሽ ማይልን እንደ ዋስትና መቁጠር

ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ 30,000 ማይል የነዳ መኪና ውድ ይሸጣል። ማሸጊያዎቹ ደርቀዋል፣ ጎማው ጠንክሯል፣ ዘይቱ ለዓመታት አልተቀየረም። በየ5,000 ማይሉ ወይም ቢያንስ በዓመት አንዴ ዘይት እየተቀየረለት 90,000 የነዳውን እንመርጣለን።

ኮምፒውተሩን ሳያስነብቡ መግዛት

ከ2000 ሞዴል ጀምሮ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይመዘግባል። በ986 ሁለት ደረጃ አለ። አንደኛው ሹፌሩ ነዳጅ ረግጦ ገደቡን ሲነካ የሚመዘገብ ሲሆን ብዙ ቢሆንም አያስጨንቅም። ሁለተኛው ሊመዘገብ የሚችለው ሹፌሩ ማርሽ ተሳስቶ፣ ለምሳሌ ከሦስት ወደ አራት ሊያስገባ ብሎ ሁለት ሲያስገባ ነው፤ ያኔ ጎማው ራሱ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። እዚያ ላይ ቁጥር ካለ የመጨረሻው የተመዘገበው በስንተኛው የሥራ ሰዓት እንደሆነ ያንብቡ። ከብዙ መቶ ሰዓታት በፊት ከሆነና ሞተሩ ደህና ከሠራ አልፏል፤ የትናንት ከሆነ ይተዉት።

በዚያው አጋጣሚ ጠቅላላ የሥራ ሰዓቱን ወስደው ማይሉን ለሰዓቱ ያካፍሉ። ውጤቱ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ማይል አካባቢ ቢመጣ ያምራል። 12 ብቻ ከመጣ ማይል ቆጣሪው ተነካክቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ተራ ኮድ ማንበቢያ አያሳይም፤ ፖርሽ ላይ የሚሠራ ጋራዥ ያስፈልጋል።

ጎረቤት መካኒክ ወስዶ ማስየት

ጎበዝ የቶዮታ መካኒክ ፍሬኑንና ጎማውን በደንብ ያይልዎታል። ከላይ የተጻፈውን ግን ፖርሽ በየቀኑ የሚፈታ ሰው ነው የሚያውቀው። ለቅድመ ግዢ ምርመራ ጥቂት መቶ ዶላር ይክፈሉ፤ ሻጩ የመረጠው ጋራዥ ሳይሆን እርስዎ የመረጡት ይሁን። መኪናው ሊፍት ላይ ሲወጣ እርስዎም ሥሩ ገብተው ይዩ። ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቦታ በዘይት ርሶ ከሆነ የጥገና ወጪ ሂሳብዎ ላይ ይጨምሩት። የኋላ ጎማዎችን ውስጠኛ ጠርዝ በእጅ ይዳብሱ፤ ከውጭ አዲስ መስሎ ውስጡ ሽቦ ድረስ የተበላ ጎማ በዚህ መኪና የተለመደ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ቀኑን ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ስድስት ዓመት ካለፈው የአዲስ ጎማ ዋጋ ይቀንሱ።

ሻጩ ምርመራውን ካልፈቀደ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይሂዱ።

ታይትልና ኢንሹራንስን ለኋላ ማቆየት

የሻንሲ ቁጥሩን ለኢንሹራንስ ድርጅትዎ ሰጥተው ዋጋውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ሳልቬጅ፣ ማለትም በከባድ ጉዳት ከጥቅም ውጪ የተባለ፣ ወይም የጎርፍ ከሆነ አይግዙ። መኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ካለ ከሻጩ ጋር ባንኩ ድረስ ሄደው ዕዳው ሲዘጋ እዚያው ይክፈሉ።

«ጥቂት ነድቼው አገር ቤት እልከዋለሁ» ብሎ የሚገዛም አለ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ይህ ዕቅድ አይሆንም።

የመጨረሻውን ዶላር መኪናው ላይ ማዋል

10,000 ዶላር ካለዎት የ10,000 ዶላር ቦክስተር አይግዙ። ከ3,000 እስከ 4,000 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ያስቀምጡ። በገዙበት ሳምንት ዘይቱን (ከ8 ኳርት በላይ ይይዛል) ከነማጣሪያው ይቀይሩና ማጣሪያውን ቆርጠው ይዩ፤ የፍሬን ዘይቱን ያስቀይሩ፤ የጣሪያውን የውሃ መውረጃዎች ያስጠርጉ፤ ካንዴላውና ኮይሉ መቼ እንደተቀየሩ ካላወቁ ያስወጧቸው፣ የተሰነጠቀ ኮይል በዝናብ ቀን ሞተሩን ያንተፋትፈዋልና። ቤንዚኑ ፕሪሚየም ብቻ ነው።