ነጥብ ሲምታታ የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኞች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ነጥብ መምታታቱ አይቀርም። በልጆች ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚመዘግበው ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ወላጅ ወይም ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ነው። ስለዚህ ዳኛው ነገሩን እንዴት እንደሚይዘው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ስህተት የነጥብ ሰሌዳውን ማመን ነው። አሰልጣኙም ወላጁም የሚያየው እሱን ስለሆነ ጩኸቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ግን ሰሌዳውና መዝጋቢው የሚሞላው የውጤት ወረቀት ካልተስማሙ የሚጸናው ወረቀቱ ነው።

ሌላው ቸኩሎ ፊሽካ መንፋት። ልጆቹ ወደ ቅርጫቱ እየገሰገሱ "ነጥብ ጎድሏል" ብሎ ጨዋታ ማቆም በደል ነው። ጨዋታው በራሱ እስኪቆም ጠብቁ።

ከሁሉ የሚከፋው ከአሰልጣኝ ጋር በነጥብ መደራደር ነው። "እሺ፣ ሁለት ልጨምርልህ" አይባልም! ወደ ጠረጴዛው ሂዱ፣ አሰልጣኞቹ ቦታቸው ላይ ይቆዩ፣ ከመዝጋቢው ጋር ከኳርተሩ መጀመሪያ አንድ በአንድ ቁጠሩ። በፊባ ወረቀት ላይ ባለ ሦስት ያስቆጠረ ተጫዋች ቁጥሩ ይከበባል፣ ስለዚህ የጠፋው አንድ ነጥብ ከሆነ መጀመሪያ መከበብ ሲገባው ያልተከበበ ቁጥር ፈልጉ። "ቅድም 7 ቁጥር ያገባው ከባለ ሦስት መስመሩ ውጪ ሆኖ አልነበረም?" ብላችሁ የሥራ ባልደረባችሁንም ጠይቁ። መዝጋቢውን ሰው ፊት መቆጣት ደግሞ በፍጹም! እጁ እየተንቀጠቀጠ ቀጣዩንም ይስታል።

ልጆች ከእረፍት በኋላ ቅርጫት ሲቀየር ግራ ገብቷቸው በራሳቸው ላይ ያገባሉ። ያኔ ዝም ብሎ ማለፍም ስህተት ነው፣ መዝጋቢው ለማን እንደሚጽፍ ይጨንቀዋል። ሳያውቅ ያገባው ከሆነ 2 ነጥቡ ለተጋጣሚው ነው፣ የሚመዘገበውም ሜዳ ላይ ባለው የተጋጣሚው ካፒቴን ስም።

የነጻ ውርወራ ስህተትን ከመዝገብ ስህተት ጋር አትቀላቅሉ። የማይገባ ነጻ ውርወራ ተሰጥቶ ከሆነ የማረሚያው ጊዜ አጭር ነው፦ ሰዓቱ ዳግም ከተነሳ በኋላ ኳሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ጨዋታው እንደገና ሳይጀመር መታወቅ አለበት። የመዝገብ ስህተት ግን የመጨረሻውን ውጤት ቢቀይርም እንኳ ዋናው ዳኛ እስኪፈርም ድረስ ይታረማል።

ስለዚህ ለመፈረም አትቸኩሉ። ልጆቹ እጅ ሲጨባበጡ እናንተ ድምሩን ተመልከቱ። አንዴ ከተፈረመ የሚቀረው ለውድድሩ አዘጋጅ ዝርዝር ሪፖርት መላክ ብቻ ነው።