የሚሰነጣጠቀው የውሃ ቀለሜ እንዴት ተስተካከለ
በእጄ የሠራሁት ቀይ አፈር ቀለም በድሬዳዋ ሙቀት፣ ባፈሰስኩበት የጠርሙስ ቆርኪ ውስጥ በደረቀ ቁጥር እየተሰነጣጠቀ ይፈረፈር ነበር። መፍትሔው ማር ሆነ። 1 እጅ የግራር ሙጫ በ2 እጅ ሙቅ ውሃ አሟሟሁና በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት፤ ለ4 ማንኪያ የሟሟ ሙጫ 1 ማንኪያ ማር ጨመርኩ። ማር እርጥበት ስለሚይዝ ቀለሙ ድርቅ ብሎ አይኮማተርም። ከበዛ ግን ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል! በወንፊት የነፋሁትን አፈር ከዚህ ጋር መስታወት ላይ፣ የመፋተጉ ድምፅ ለስለስ እስኪል ድረስ አሸሁት። ቆርኪውንም በአንዴ አልሞላሁትም፤ ትንሽ ትንሽ እያፈሰስኩ፣ ጥላ ውስጥ እያደረቅኩ ደራረብኩት። አሁን እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ወዲያው ይለቃል። ወረቀቱን አዘንብዬ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ስቀባም አይዥጎረጎርም።