ጉልበት ሳይከዳ፦ ክብደት የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ክብደት ማሠራት ሥራዬ ነው። ስህተቶቹ አይለወጡም፤ የሚለወጠው የሚሳሳተው ሰው ብቻ ነው።

«አሁን ካረጀሁ በኋላ ምን ዋጋ አለው?»

ይህን ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች ለ8 ሳምንት በክብደት እግራቸውን አሠሩ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እርስዎ ደግሞ ገና 60 ነዎት።

«እኔ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ»

ጎበዝ፣ አይተዉት። ለልብ ጥሩ ነው። ግን በዕድሜ ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሲደናቀፉ ቶሎ እግር ዘርግተው ከመውደቅ የሚያተርፉዎት እነሱ ናቸው። በዝግታ መራመድ እነሱን ብዙም አይቀሰቅስም።

ያቺ ትንሽ ዳምቤል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዲት እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ያችኑ የ1 ኪሎ ዳምቤል፣ በእጅ የሚያዝ ክብደት፣ ይዘው ይመጣሉ። እያነሱ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኛል፤ ከሙሽራዋ ቀሚስ እስከ ድንኳኑ ድረስ። ትንፋሻቸው እንኳ አይቆራረጥም። ከገበያ ተሸክመው የሚመጡት ዘንቢል እኮ ከዳምቤሏ አምስት እጥፍ ይከብዳል! ጡንቻ ካልተቸገረ ለምን ይጠነክራል?

መለኪያው ቀላል ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያንሱ። ሲጨርሱ «ሁለት ወይም ሦስት ልጨምር እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም» የሚያሰኝ መሆን አለበት። 12ቱን ዘና ብለው ከጨረሱ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክብደቱ ይጨመር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቀላል ይሥሩ፣ አሠራሩን ይልመዱ፤ እስማማለሁ። ሁለት ዓመት ግን ልምምድ አይባልም።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። አንድ የ68 ዓመት ሰው ነበሩ። ይሰበሩብኛል ብዬ ፈርቼ ስምንት ወር እየተለጠጠ በሚሠራበት ስስ ላስቲክ ብቻ አሠራኋቸው። አንድ ቀን «ልጄ፣ ከወንበር ስነሳ አሁንም እጄን ተደግፌ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያው ቀን ጀምሮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ከከፍ ያለ ወንበር መነሳት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወንበሩን ዝቅ አደረግን፤ በኋላ ክብደት አስያዝኳቸው። ላስቲኩን ዛሬ የት እንዳደረግኩት እንጃ።

እግርን መዝለል

በተለይ ወንዶች! መስታወት ፊት ክንድ ብቻ። አማርኛ ለእግር መታጠፊያውም ለኃይሉም «ጉልበት» ያለው በከንቱ አይመስለኝም።

ትንፋሽ መያዝ

ደም ግፊትን በአንዴ ያሻቅባል። ሲያነሱ ያውጡ፣ ሲያወርዱ ያስገቡ። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሕመምን ሁሉ አንድ ማድረግ

በማግስቱ ጡንቻ ቢያምም ጤና ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ከወጋዎት ግን ያቁሙ። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሲጠፋ፣ ሌላው ሁለተኛውን ችሎ ሲሠራ አያለሁ።

ሠርቶ አለመብላት

ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የጡንቻ የፕሮቲን ፍላጎት ግን ይጨምራል። ለጤናማ ትልቅ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። 60 ኪሎ ከሆኑ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። በአንድ ማዕድ አይጨርሱት፤ ለቁርስም ለራትም ይድረሰው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን በራሱ አይጨምር፣ ሐኪም ይወስንለት።

«ጉልበቴ ሲመለስ እመጣለሁ»

ከጉንፋን በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የምሰማው ነው። በዚህ ዕድሜ ጥቂት ቀን አልጋ ላይ መዋል እንኳ ጡንቻ ያሳጣል፤ ተቀምጦ በመጠበቅ ደግሞ አይመለስም። ሐኪም ከፈቀደልዎት በግማሽ ክብደት ይጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ወር ሙሉ ቢቀሩም ይቅርታ ልጠይቅ ብለው አይደውሉልኝ፤ ዝም ብለው ይምጡ።