ዝገት የበላውን የአያት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ማዳን

ዘጌ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ዘመን ሙሉ የተሰቀለ የአያቴ ጠመንጃ ነበር። የሐይቁ እርጥበት እንዴት አድርጎ እንደበላው! ባሕር ዳር አምጥቼ ለማደስ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ግማሹ የራሴን ጥፋት ሳርም ያለቀ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም፤ «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ቀጥሎ ከፍታችሁ ሁለቱንም አፈሙዝ እዩ። ጥይት ተቀርቅሮ ካገኛችሁ እንዳትቀጠቅጡት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ብሎኖቹን ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ደባልቃችሁ ቀቡና ሳምንት ተዉአቸው። የድሮ ብሎን ጭረቱ ቀጭን ስለሆነ ካቻቢቴውን በሞረድ አሳስታችሁ ልክ አድርጉት። እኔ በወፍራሙ ታግዬ ሁለቱን አበላሽቻለሁ። ስትፈቱ በየደረጃው ፎቶ አንሱ፤ ሞላዎቹን ግን ካልለመዳችሁ አትንኳቸው።

አሁን ዝገቱ። ብርጭቆ ወረቀትና ፍሌክስ (የብረት መፍጫ ማሽን) ከአጠገባችሁ ይራቁ! ብረቱ ላይ የታተሙት ምልክቶች አንዴ ከተፋቁ አይመለሱም። በሞላላ ክብ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት ካያችሁ ለምሳሌ፣ የቤልጅግ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም ሊሆን ይችላል። ወፍራሙን ዝገት ዘይት እየቀባችሁ በነሐስ ቁራጭ ፋቁት፤ ነሐስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭረውም።

ከዚያ የሚቀረውን ቀይ ዝገት መቀቀል ነው። አዎ፣ መቀቀል። ቀዩ ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ ወደ ጥቁር ዝገት ይለወጣል፣ ጥቁሩ ደግሞ ብረቱን አይበላም። አፈሙዙ ድስት ውስጥ ስለማይገባ በያጅ ዘንድ ሄጄ ከላሜራ ጠባብ ገንዳ አሠራሁ። ነጭ ጋዙንና ዘይቱን በኦሞ በደንብ አጥባችሁ አስለቅቁ፤ ገንዳው ውስጥ የባትሪ ውሃ ጨምሩ (አሲዱን አይደለም፣ ንጹሑን ውሃ!)፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። አውጥታችሁ እንደደረቀ ጥቁሩን ብናኝ በቀጭን የሽቦ ጥጥ አሹት። ቀይ ከቀረ ድገሙት። በመጨረሻ ዘይት።

ጋራዥ ውስጥ «በኮስቲክ (በኮስቲክ ሶዳ) አጥቁሬ እሰጥሃለሁ» የሚላችሁ ካለ እንቢ በሉ። ሁለቱ አፈሙዞች የተያያዙት በእርሳስና በቆርቆሮ ብየዳ ነው፤ ኮስቲክ ይበላዋል፣ አፈሙዞቹም ይለያያሉ።

ለሰደፉ የተልባ ዘይት በስሱ፣ ቀናት እያሳለፋችሁ ደጋግሙ። ቫርኒሽ እንዳትቀቡ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውሃ አርሳችሁ ደጅ ዘርጉት።

ሲያልቅ ሠርግ ላይ «አንዴ እናጩኸው» የሚል አጎት አይጠፋም። በጭራሽ! አፈሙዙ ላይ እንደ እባብ ቆዳ ዝንጉርጉር ካለ የደማስቆ ብረት ነው፣ የተሠራውም ባብዛኛው ለድሮው ጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። ዝንጉርጉር ባይኖረውም ዝገት የበላው ብረት ስስ ነው። የእኔው አጎት እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል።

ስትሰቅሉት ከጭቃ ግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ በቆዳ ማኅደር ውስጥ አታስቀምጡት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉት፣ እንግዳ በእጁ ከዳበሰው ደግሞ በዚያው ቀን።