በፈረንሳይኛ «የለም» ሲባል አርቲክሉ ምን ይሆናል?

«ዳቦ የለኝም» ስንል በአማርኛ ከስሙ ፊት የሚገባ ትንሽ ቃል (አርቲክል) የለም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ በፈረንሳይኛም «ዠ ኔ ፓ ፓን» ይላል። ትክክለኛው «ዠ ኔ ፓ ደ ፓን» ነው። በ«ዤ ዱ ፓን» (ዳቦ አለኝ) ላይ የነበረው «ዱ» ቦታውን ለ«ደ» ለቀቀ እንጂ ባዶ አልተወውም።

ደንቡ ይህ ነው፤ «አን»፣ «ዩን»፣ «ዴ»፣ «ዱ» እና «ደ ላ» ከአሉታ ቃሉ ከ«ፓ» በኋላ ሁሉም «ደ» ይሆናሉ። ጾታም ሆነ ቁጥር ለውጥ አያመጣም። «ዤ አን ፍሬር» (ወንድም አለኝ) ሲፈርስ (በአሉታ ሲነገር) «ዠ ኔ ፓ ደ ፍሬር»፣ «ኢል ያ ዴ ፖም» (ፖም አለ) ሲፈርስ «ኢል ንያ ፓ ደ ፖም» ይሆናል። «ፕሉ» (ከእንግዲህ) እና «ዣሜ» (በጭራሽ) እንደ «ፓ» ይሠራሉ። በንግግር ከግሡ ፊት የምትገባው የአሉታ «ነ» ብትዋጥም «ደ» አትዋጥም፤ «ዤ ፓ ደ ፓን»። እዚህ ላይ ግዕዙን «ደ» ከኃምሱ «ዴ» አጥርቶ መለየት ያስፈልጋል፤ ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ ልዩነቱ አያስቸግርም።

የሚከተለው ስም በአናባቢ ከጀመረ «ደ» ከስሙ ጋር ትዋሃዳለች፤ «አርዣን» (ገንዘብ) «ፓ ዳርዣን» ይሆናል። ሲጻፍ የ«ደ» አናባቢ ወድቆ በቦታው ከላይ ትንሽ ጭረት (’) ይገባል። በማይነበበው «አሽ» (h) ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፦ «ዊል» (ዘይት) «ፓ ድዊል» ሲሆን፣ «አሪኮ» (ቦሎቄ) ግን ሳይዋሃድ «ፓ ደ አሪኮ» ይባላል። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ከመዝገበ ቃላት አይቶ መያዝ ነው።

ዋናው ስህተት የሚመጣው ደንቡን ካወቁ በኋላ ነው፤ ተማሪው «ደ»ን በየቦታው መክተት ይጀምራል። «ደ» የምትገባው የነገሩ መጠን ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ስታፈርሱ «ነገሩ ጭራሽ የለም ማለቴ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ቡና አልወድም» ስትሉ ቡና የለም አላላችሁም፤ ስለዚህ «ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ» ነው። ሌሎቹ አርቲክሎች «ለ»፣ «ላ» እና «ሌ» በአሉታ አይለወጡም። «ነው» የሚለው ግሥ ማንነትን እንጂ መጠንን ስለማይናገር «ሰ ኔ ፓ አን ፕሮብሌም» (ችግር አይደለም) እንዳለ ይቆያል። ሻይ ሳይሆን ቡና ገዛሁ ለማለትም «ዠ ኔ ፓ አሽቴ ዱ ቴ፣ ሜ ዱ ካፌ» ይባላል፤ የተገዛ ነገር አለ፣ የተካደው ዓይነቱ ነው። «ከውሃ በቀር አልጠጣም» በአማርኛ አሉታ ቢመስልም ውሃው ይጠጣል፤ በፈረንሳይኛም «ዠ ነ ብዋ ከ ደ ሎ» ሲባል አርቲክሉ አይነካም።

አንድ «ዱ» ደግሞ መልኳ ያሳስታል። «ዠ ነ ቪየን ፓ ዱ ማርሼ» (ከገበያ እየመጣሁ አይደለም) ላይ ያለችው «ዱ» መስተዋድዱ «ደ» እና «ለ» ተጣምረው የተገኘች ናት። በአማርኛ ስትተረጉሟት «ከ»፣ «የ» ወይም «ስለ» ከሆነች አትንኳት።

ሁለት ነገር አብረው ሲካዱ «ኒ... ኒ» ይመጣል፤ ያን ጊዜ «ደ»ም አትገባም፦ «ዠ ነ ብዋ ኒ ቴ ኒ ካፌ» (ሻይም ቡናም አልጠጣም)። «ለ» ግን እዚህም አትለቅም፤ «ዠ ኔም ኒ ለ ቴ ኒ ለ ካፌ»።